ጨው ሲሟሟ ውሃው አሲድ፣ ቤዝ ወይስ ገለልተኛ? ሳይለኩ መገመት

12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሳስጠና፣ የጨዎችን ሰንጠረዥ ሸምድደው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ፈተና ላይ ያላዩት ጨው ሲመጣ ግን ሽምደዳው ይከዳቸዋል። እኔ የማስተምረው ጨውን ለሁለት ከፍሎ የእያንዳንዱን አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ወላጅ፣ ማለትም የመጣበትን አሲድ ወይም ቤዝ፣ መጠየቅ ነው።

ከምግብ ጨው እንጀምር። ውሃ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ይለያያል። ሶዲየም የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ልጅ ነው፤ ጠንካራ ቤዝ። ክሎራይድ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ልጅ ነው፤ እሱም ጠንካራ። የጠንካራ ልጆች ውሃውን አይነኩትም። ስለዚህ ገለልተኛ።

ሶዲየም ካርቦኔት ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሶዲየሙ ያው ነው። ካርቦኔቱ ግን የመጣው ከደካማ አሲድ ስለሆነ ከውሃ ላይ ሃይድሮጅን አዮን ይነጥቃል። የተነጠቀው ውሃ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይቀራል፤ ቤዝነቱ ከዚህ ይመጣል። የሻላ ሐይቅ ፒኤች (የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ) ወደ 10 የሚጠጋው ለዚህ ነው፤ ውሃው ካርቦኔትና ባይካርቦኔት የሞላበት ነው። አሞኒየም ክሎራይድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አሞኒየም የደካማው ቤዝ የአሞኒያ ልጅ ስለሆነ ሃይድሮጅን አዮኑን ለውሃ ይሰጣል። 0.1 ሞላር ከሆነ ፒኤቹ 5 አካባቢ ይወርዳል።

ሁለቱም ወላጆች ደካማ ሲሆኑስ? ብዙ ተማሪ «እንግዲያው ገለልተኛ» ብሎ ያልፋል። እባካችሁ እንዳትቸኩሉ! የአንዱን ኬኤ (የአሲድነቱን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር) ከሌላው ኬቢ (የቤዝነቱን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር) ጋር አወዳድሩ። አሞኒየም አሲቴት ላይ ሁለቱም 5.6 × 10⁻¹⁰ ገደማ ስለሆኑ ውሃው 7 ላይ ይቆያል። አሞኒየም ካርቦኔት ላይ ግን የካርቦኔቱ ኬቢ 2 × 10⁻⁴ ገደማ ነው። አሞኒየም አይችለውም፤ ውሃው ቤዝ ይሆናል።

ፈታኞች የሚወዱት ወጥመድም አለ፤ ሶዲየም ባይሰልፌት። ወላጆቹ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፣ ውሃው ግን አሲድ ነው። ባይሰልፌት ገና ያልለቀቀው ሃይድሮጅን ስላለው በቀላሉ ይሰጠዋል። ባይካርቦኔትም ሃይድሮጅን አለው፤ እሱ ግን ከመስጠት ይልቅ መንጠቅ ይቀናዋል። የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ፒኤቹ 8.3 አካባቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር ቀላል ነው። ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ቀቅሉና ሐምራዊውን ውሃ አጥልሉ። የምግብ ጨው ብትጨምሩበት ቀለሙ አይለወጥም። ቤኪንግ ሶዳ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። አሲድ የሚያደርግ ጨው ወደ ቀይ ይስበዋል። የቧንቧ ውሃ ራሱ ባይካርቦኔት ስለሚኖረው የተጣራ ውሃ፣ ለባትሪ የሚሸጠውን ዓይነት፣ ተጠቀሙ። ጨውን ከመጨመራችሁ በፊት ግምታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ።