ለአዲስ ተጋቢዎች፦ ከሰርጉ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ

ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ሙሽሮች ይበዙብኛል። ሂናው ከእጇ ገና ያልለቀቀ ልጅ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ትገባለች። አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ «እታለም፣ አሁን ስሜን ወደ ባለቤቴ ስም ማዞር አለብኝ?»

የለብሽም። እኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይም የሚሰፍረው ይኸው ስም ነው። ውጭ አገር ያለ እጮኛ «በእኔ ስም ብትሆኚ ቪዛው ይፈጥናል» ቢልም አትሸበሪ። ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚያሳየው የጋብቻ ማስረጃው ነው።

ሰውን የሚያመላልሰው ሌላ ነገር ነው፤ የአንድ ሰው ስም በየወረቀቱ የተለያየ ሆኖ መገኘቱ። ስለዚህ ለምዝገባ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማታ አብራችሁ ቁጭ በሉ። መታወቂያ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃና የባንክ ደብተር አውጡና ደርድሩ። ከዚያ ፊደል በፊደል አስተያዩ። በተለይ እንግሊዝኛውን! ሰይድ የሚለው ስም አንዱ ላይ በ«ኢ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይመር አንዴ በ«ዋይ» ይጀምራል፣ አንዴ በ«አይ»። በአማርኛው ሀሰን በሀሌታው «ሀ» ይሁን በሐመሩ «ሐ» አንባቢ ይግባባል። በእንግሊዝኛ ግን ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚቆጥራችሁ።

የሃይማኖት ወረቀቱንም እዩት። ቤተ ክርስቲያን የተጋባችው ልጅ ወረቀቷ ላይ ወለተ ኪዳን ትባላለች፤ መታወቂያዋ ደግሞ ትዕግሥት ይላል። የክርስትና ስሙና የመታወቂያው ስም ጎን ለጎን እንዲጻፉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኒካህ ወረቀትም ላይ እንደዚሁ። ወሎ ውስጥ በቤት ስሙ ብቻ የሚታወቅ ሰው ብዙ ነው። ኒካህ የሚያስሩት ሼህ የሚያውቁት በዚያው ስም ሊሆን ስለሚችል መታወቂያችሁን አሳዩዋቸው።

ልዩነት ካገኛችሁ አብሽሩ፣ መንገድ አለው። እኔ የምመክረው ፋይዳን መነሻ ማድረግ ነው፤ ባንኩም ሌላውም ወደዚያው እየሄደ ነው። ጉዞ ያሰበ ሰው ግን ፓስፖርቱን ያስቀድም። የፊደል ልዩነት ከሆነ ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ማመልከቻ አስገቡ። ስሙ ራሱ ሌላ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው። ምስክርና ማስረጃ አቅርባችሁ ስም ማስለወጥ ወይም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በውሳኔ ማረጋገጥ ይቻላል።

አረብ አገር ለመሄድ በሌላ ስም ወይም በሌላ ዕድሜ ፓስፖርት ያወጣችሁ እህቶች አላችሁ። ይሄን ስታወሩኝ ድምፃችሁን ዝቅ እንደምታደርጉ አውቃለሁ። አትደብቁት። ጋብቻውን በአንዱ ስም አስመዝግባችሁ ልጅ በሌላው ስም ከመጣ፣ ነገ ጣጣው ለልጁ ይተርፋል። ከምዝገባው በፊት ጠበቃ ዘንድ ሂዱና ሁሉንም ወረቀት አሳዩ።

አሁን ወደ ምዝገባው። ጋብቻ በመዘጋጃ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ቢፈጸም ሦስቱም በሕግ ጋብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ግን በወሳኝ ኩነት መዝገብ መስፈር አለባቸው። ጊዜው 30 ቀን ነው። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። የሁለታችሁን መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሃይማኖት ወይም የባህል ጋብቻ ማስረጃ ካለ እሱን ያዙ። ምስክሮቻችሁም መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ፤ ከሙሽራው ሁለት፣ ከሙሽሪት ሁለት አዘጋጁ። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ የፍቺውን ውሳኔ፣ የሞተበት የሞት ሰርተፍኬቱን ይጨምራል። ኒካህ ላይ ወሊው፣ ማለትም የሚወክልሽ ወንድ ዘመድ፣ ቢናገርልሽም መዝገቡ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ራስሽ ነሽ። አባትሽ ወይም ወንድምሽ አይፈርሙልሽም።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩ ልጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤት ተከራይታችሁ ስትኖሩ መታወቂያችሁ የአገር ቤት ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ከዚያው ያላገባችሁ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ መታወቂያውንም ማዛወር ከፈለጋችሁ መሸኛ አምጡ። ይሄን ከሰርጉ በፊት ለቤተሰብ ጥሪ ስትሄዱ ጨርሱት። በ2014ቱ ጦርነት ወረቀት የጠፋባችሁ ደግሞ በሌላ በኩል ፈልጉ፤ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ያለው መዝገብ ብዙ ሰው አውጥቷል።

ምስክር ወረቀቱ ታትሞ ሲሰጣችሁ ከመስኮቱ አትራቁ። እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም። ቀኑን በደንብ እዩ። ጥር 12 ቀን 2017 የተጋባ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው፤ ልዩነቱ 8 ዓመት። መስከረም 2017 ያገባ ግን 2024 ላይ ነው፤ ልዩነቱ 7። ለሁሉም 8 የሚደምር ጸሐፊ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። መሥሪያ ቤት ላላችሁ የግል ማኅደራችሁና የጡረታ ቅጹ ላይ ባለቤታችሁን አስመዝግቡ። የጤና መድን ካርዱም ላይ እንዲሁ። ቃሉ ወይም ተሁለደሬ ወረዳ የገጠር መሬት ያላችሁ የይዞታ ደብተሩን አትርሱ። በክልላችን ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አብሮ ይሰፍራል። እህቶቼ፣ ይሄን «በኋላ ይደረሳል» አትበሉ። ክርክር ሲነሳ ሰው የሚያየው ደብተሩን ነው።

አሜሪካ የምትሄጂ ከሆነና የባልሽን ስም መያዝ ከፈለግሽ ምርጫው የራስሽ ነው። ያ አገር ራሱ አያስገድድሽም። ከወሰንሽ ግን እዚያ ደርሰሽ አድርጊው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ፣ ከዚያ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ ባንክ። እስከዚያ ድረስ የአየር ቲኬትሽ ከፓስፖርትሽ ጋር በፊደል አንድ ይሁን።

አንድ ልመና አለኝ። ብዙዎች ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብለው ላሚኔት አድርጉልኝ ይሉኛል። ዋናውን አላደርግም። ለውጭ አገር ሲፈለግ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ ይረጋገጣል፤ ላስቲክ ላይ ደግሞ ማኅተም አያርፍም። ኮፒውን ላሚኔት አስደርጉና ዋናውን በክላሰር አስቀምጡት።