97 × 94 በቃል፦ የቬዲክ ሒሳብ አቋራጮች

97 × 94 ስንት ነው? በለመድነው መንገድ ሁለት መስመር ጽፈን፣ ደምረን ነው የምናገኘው። በቃል ግን ከተለማመዳችሁት ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ስልቱን «ቬዲክ ሒሳብ» ይሉታል። ያዘጋጁት በህንድ ፑሪ ከተማ ያለው የጎቫርዳና ገዳም አለቃ የነበሩት ባራቲ ክሪሽና ቲርታ ናቸው። መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በውስጡ «ሱትራ» የሚባሉ 16 አጫጭር የሳንስክሪት ሕጎች አሉ። እሳቸው ምንጩ ቬዳ የተባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው ብለዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ሕጎቹን በሚታወቁት ቬዳዎች ውስጥ አላገኟቸውም። ስለዚህ «የሺህ ዓመታት ምስጢር» እያለ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ስልቶቹ የሚሰሩት ከጀርባቸው ተራ አልጀብራ ስላለ ነው።

ከመቀነስ እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ሕጉ «ሁሉንም ከ9፣ የመጨረሻውን ከ10» ይላል። 1000 − 367 ይሁን። 3 ከ9 ሲቀነስ 6፣ 6 ከ9 ሲቀነስ 3፣ 7 ከ10 ሲቀነስ 3። መልሱ 633። ከዜሮ ወደ ዜሮ መበደር የለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩ በዜሮ ካለቀ ዜሮዋን እንዳለች አስቀምጡና ከሷ በፊት ያለውን አኃዝ ከ10 ቀንሱ፦ 1000 − 640 = 360።

አሁን ወደ 97 × 94። ሁለቱም ለ100 ይቀርባሉ። 97 ለ100 የሚጎድለው 3፣ 94 ደግሞ 6 ነው። ከ97 ላይ የሌላኛውን ጉድለት፣ 6ን ቀንሱ፤ 91። ጉድለቶቹን አባዙ፤ 18። አጠገብ ለአጠገብ ጻፉት፦ 9118። ከ94 ላይ 3 ብትቀንሱም ያው 91 ነው።

ለምን ይሰራል? ይሄን ሳይረዱ መሸምደድ ቶሎ ያስረሳል። 100 ጊዜ 97፣ 9700 ነው። የፈለግነው ግን 94 ጊዜ ስለሆነ 6 ጊዜ 97 መቀነስ አለብን። ለማቅለል 6 ጊዜ 100 ቀነስን እንበል፣ 9100 ይቀራል። በእያንዳንዱ ላይ 3 አብልጠን ስለቀነስን 6 ጊዜ 3፣ ማለትም 18 እንመልሳለን። አለቀ።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። የጉድለቶቹ ብዜት ባለ አንድ አኃዝ ከሆነ ፊቱ ዜሮ ይገባል፦ 98 × 97፣ 95 እና 06፣ 9506። ከ99 ካለፈ ደግሞ የመቶ ቤቱ ወደ ግራ ይደመራል፦ 88 × 89፣ 77 እና 132፣ ስለዚህ 7832። ከ100 በላይ ላሉት ትርፉን ደምሩ፦ 104 × 107፣ 111 እና 28፣ 11128።

በ5 የሚያልቅ ቁጥርን በራሱ ማባዛት ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። 65 × 65 ከሆነ 6ን በቀጣዩ ቁጥር በ7 አባዙ፣ 42፣ ከኋላው 25፤ 4225። የአስር ቤታቸው ተመሳሳይ ሆኖ የአንድ ቤታቸው ተደምሮ 10 ለሚሆኑ ቁጥሮችም ይሰራል፦ 43 × 47፣ 4 × 5 = 20፣ 3 × 7 = 21፣ መልሱ 2021።

ለ100 የማይቀርቡ፣ በ5 የማያልቁ ቁጥሮች ሲመጡስ? «ቀጥታና መስቀለኛ» የሚባለው ለማንኛውም ቁጥር ይሆናል፣ እኔም አብዝቼ የምጠቀመው እሱን ነው። 23 × 14 እንውሰድ። መጀመሪያ የአንድ ቤቶቹን፦ 3 × 4 = 12፣ 2 ጽፈን 1 በእጅ። ከዚያ በመስቀል፦ 2 × 4 ሲደመር 3 × 1፣ 11፤ በእጅ ካለው ጋር 12። 2 ጽፈን 1 በእጅ። በመጨረሻ የአስር ቤቶቹን፦ 2 × 1 ሲደመር 1፣ 3። መልሱ 322።

ጨርሳችሁ መልሱን ሳታረጋግጡ አትለፉ። አኃዞቹን አንድ አኃዝ እስኪቀር ደምሩ። 97፣ 16፣ ከዚያ 7 ይሆናል፤ 94 ደግሞ 13፣ ከዚያ 4። 7 × 4 = 28፣ እሱም 10፣ ከዚያ 1። 9118ም ሲደመር 19፣ 10፣ 1። ተስማማ። ይሄ ፍተሻ ግን አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ አይይዝም፤ በስህተት 9181 ብትጽፉም 1 ይሰጣችኋል። ስለዚህ መጨረሻውንም እዩ፦ 7 × 4 በ8 ስለሚያልቅ መልሱም በ8 ማለቅ አለበት፣ 9181 እዚያው ላይ ይወድቃል።