የወሎን ጥንታዊ የእንጨት ዕቃ በማመሳከሪያ መዝገብ እንዴት መያዝ ይቻላል?

የጥንት የቤት ዕቃንና የእንጨት ቅርጻ ቅርጽን የሚመለከት መጽሐፍ ለማመሳከሪያነት የሚበቃው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደተገኘ፣ ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ ልኩ ስንት እንደሆነና ጌጡ ምን እንደሚመስል በማያሻማ መንገድ ሲያስቀምጥ ነው። ወሎ ውስጥ በርጩማው፣ የጠፍር አልጋው፣ ገበታው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አትሮኖስና ደረሶች ቁርአን የሚጽፉበት ሉሕ ዛሬም በየስፍራው አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ለሚያስታውስ ሰው የመዝገብን ጥቅም ማስረዳት አያሻም፤ ልኩና ምስሉ ያልተያዘ ዕቃ አንዴ ከእጅ ከወጣ የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም።

በቅድሚያ ባለቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ከሆነም አስተዳዳሪውን ያስፈቅዱ። ከዚያ ባለቤቱ ዕቃውን የሚጠራበትን ስም እንዳለ ይጻፉና ቁመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን ይለኩ። ለዚህ ከብረት ሜትር ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር እመርጣለሁ፤ እንጨቱን አይጭርም፣ በበርጩማ እግር ዙሪያም ይጠመጠማል።

የእንጨቱን ዓይነት ለመለየት ጭስና ቅባት ያጠቆረውን ገጽ አይመኑ፤ ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ። ዋንዛ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን ለመፈልፈል ስለሚመች ብዙ ዕቃ ከእርሱ ይሠራል። ጽድ በሽታው፣ ወይራ በክብደቱና በጥንካሬው ይታወቃል። ለመለየት ሲባል ግን እንጨቱን መፋቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ከተጠራጠሩ የአካባቢውን አናጢ ይጠይቁ።

አስቸጋሪው ሥራ ጌጡን መገልበጥ ነው። በስልክ ብልጭታ የተነሣ ቅርጽ ጥልቀቱ ስለሚጠፋ፣ ዕቃውን ከተቻለ ማለዳ ወደ ደጅ አውጥተው፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ከጎን በምትመታበት ሰዓት፣ ሜትሩን አጠገቡ ዘርግተው ያንሡት፤ ያን ጊዜ የመሮው ምት አንድ በአንድ ጥላ ይጥላል። ቀጥሎ ስስ ነጭ ወረቀት በቅርጹ ላይ ያንጥፉና ሌላ ሰው ዳርና ዳሩን በእጁ እንዲይዝልዎ ያድርጉ። ማጣበቂያ ፕላስተር አይጠቀሙ፤ ሲላጥ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመውን ወዝ ይዞ ይነሣል። የለስላሳ እርሳስን ጎን፣ ጫፉን ሳይሆን፣ ከመሐል ወደ ዳር በቀስታ ያመላልሱት። ከፍ ያለው እንጨት ይጠቁራል፣ የተፈለፈለው ቦይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ የጌጡም ትክክለኛ መጠን ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ወረቀቱ ከተንሸራተተ መስመሩ ድርብ ስለሚሆን፣ ለማረም ከመታገል በአዲስ ወረቀት እንደገና መጀመር ይሻላል። ይህ ዘዴ ቀለም ለተቀባ እንጨት አይሆንም። ላስታ ውስጥ በዋሻ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጣራ የተቀረጸም የተቀባም እንጨት አለው፤ እንዲህ ያለውን በዓይንና በካሜራ ብቻ እንጂ በእጅ አይነኩትም።

በጀማሪነቴ ዘመን ሐይቅ አካባቢ በአንድ ቤት የአልጋ ራስጌ ስመዘግብ፣ ቅርጹ በፎቶግራፍ ጎልቶ እንዲታይ ብዬ ቦዮቹ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት አሸሁ። ፎቶግራፉ አማረ። በእርጥብ ጨርቅ ልጠርገው ስሞክር ግን ጠመኔው ቦክቶ እንጨቱ ውስጥ ዘለቀ፣ የራስጌው ወዝም በጨርቁ ላይ ጠቁሮ ወጣ። የቤቱ እመቤት ምንም ሳይናገሩኝ ራስጌውን በነጠላ ሸፈኑት። እስካሁን ይቆጨኛል። ጠመኔም፣ ዱቄትም፣ ዘይትም፣ ውኃም ቢሆን ዕቃው ላይ አያድርጉ።

ዕድሜን በተመለከተ «ስንት ዓመቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «መቶ ዓመት» ነው። ስለዚህ ሰው በሚያስታውሰው ዘመን ይጠይቁ፦ ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ከሆኑበት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በ1928 ጣልያን ሲገባ ቤት ውስጥ ነበረ? ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ተርፎ ነው? «እማማ፣ ይህ በርጩማ የማን ነበር?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት እናት «የአማቴ እናት ነበር፤ እኔ ተድሬ ስገባ እዚችው ምድጃ ዳር ተቀምጠውበት ነው ጉልበታቸውን የሳምኩ» አሉኝ። ይህን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ ትውልድ ቆጥሮ ዘመኑን መገመት የሚቻለው ከእንዲህ ያለ ንግግር ነውና። በእንጨት ሽብልቅ የተያያዘ ዕቃ በብሎን ከታሰረው ይቀድማል ብሎ መወሰንም ያሳስታል፤ ብሎኑ የቅርብ ጊዜ ጥገና ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሩን ግን ዕቃው ላይ ሳይሆን በወረቀት ጽፈው በክር ያንጠልጥሉት። የእርሳስ ቅጂዎቹ እርስ በርስ እንዳይቀባቡ በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት ያስገቡ፣ ሁለተኛውንም ቅጂ ለባለቤቱ ይስጡ።