ዊንዶውስ 7 ላይ አልጠፋ ያለ የፕሪንተር ድራይቨር፦ ችግርና መፍትሄ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ግን ዛሬም የሚሠሩበት አሉ። እነዚህ ማሽኖች ላይ ፕሪንተር በተቀየረ ቁጥር የቀድሞው ድራይቨር (ኮምፒዩተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) እዚያው ይከማቻል።

ምልክቱ

ፕሪንተሩ በርቷል፣ ወረቀት አለው፣ ኬብሉም ተሰክቷል። ኮምፒዩተሩ ግን «ኦፍላይን» ይላል። ወይም ሥራው ወረፋ ይይዝና ንቅንቅ አይልም። ከስሙ አጠገብ «ኮፒ 1» የሚል ካያችሁ ደግሞ አንዱ ፕሪንተር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል ማለት ነው።

ምክንያቱ

አንዳንድ ፕሪንተሮችን ከአንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነቅላችሁ ሌላው ላይ ስትሰኩ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይመዘግባቸዋል። ዲፎልት (ሥራ በቀጥታ የሚላክበት) ሆኖ የሚቀረው ግን የድሮው ነው። ስለዚህ ሥራችሁ የሚላከው ማንም ወደሌለበት ቀዳዳ ነው።

አይኮኑን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የድራይቨሩ ፋይል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ኬብሉን መልሳችሁ ስትሰኩ ዊንዶውስ ያንኑ የተበላሸውን ያመጣላችኋል።

መፍትሄው

ለማጥፋት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የፕሪንተሩን «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ «ፖርትስ» የሚለውን እዩ። የምርጫ ምልክቱ (✓) ዩኤስቢ001 ላይ ሆኖ ፕሪንተሩ ያለው ዩኤስቢ002 ላይ ከሆነ ይህን ምልክት ማዛወር ብቻ ይበቃል።

ካልሆነ ወደ ጽዳቱ እንግባ። አዲሱን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ አውርዱ። «ሲስተም ሪስቶር» ላይም መመለሻ ነጥብ ፍጠሩ። ከዚያ የዩኤስቢ ኬብሉን ንቀሉ።

ወረፋው ከተጣበቀ «ሰርቪስስ» ውስጥ የኅትመት ወረፋውን የሚይዘውን «ፕሪንት ስፑለር» አቁሙ። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ብላችሁ ግቡና ውስጡ ያለውን አጥፉ። ፎልደሩን ራሱን አትንኩት። ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱ።

ቀጥሎ «ዲቫይስስ ኤንድ ፕሪንተርስ» ውስጥ ኮፒዎቹን አጥፉ። ዊንዶውስ 7 የአንድ ፕሪንተር ኮፒዎችን በአንድ አይኮን ሥር ሊደብቃቸው ይችላል። ራይት ክሊክ ስታደርጉ የሚወጣውን ዝርዝር ልብ በሉ።

አሁን ዋናው ነገር። የቀረ አንድ ፕሪንተር ምረጡ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የኤክስፒኤስ ራይተርም ቢሆን ያስኬዳል። ከላይ «ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ» የሚል ይመጣል። እሱን ከፍታችሁ «ድራይቨርስ» ውስጥ የድሮውን ምረጡና «ሪሙቭ» በሉ። ሁለት አማራጭ ይሰጣችኋል። ድራይቨሩን ከነ«ፓኬጁ» (ከተጫነበት የፋይል ጥቅል ጋር) የሚያጠፋውን ምረጡ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ድራይቨሩ ሥራ ላይ ነው» ብሎ እንቢ ካለ ስፑለሩን ሪስታርት አድርጉና ወዲያው ሞክሩ። ሌላ ፕሪንተር ያንኑ ድራይቨር የሚጠቀም ከሆነ ግን ተዉት።

ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ አዲሱን ጫኑ። ኬብሉን የምትሰኩት ፕሮግራሙ ሲጠይቃችሁ ብቻ ነው።

አዲሱ አልጫን ካለ

መጀመሪያ ሲስተሙ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት አረጋግጡ። «ዲጂታል ፊርማውን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ካለ ደግሞ ዊንዶውሱ አዲሱን ሻ-2 የተባለ የዲጂታል ፊርማ ዓይነት አያውቀውም ማለት ሊሆን ይችላል። መፍትሄው በ2019 የወጣው ኬቢ4474419 የተባለው አፕዴት ነው። «ድራይቨር በራሴ አገኝላችኋለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን አትጫኑ፤ ያጸዳችሁትን መልሰው ይቆልሉባችኋል።