በለጠ ደንን ልታዩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጅማ የመጣ እንግዳ ሁለት ነገር ሳያይ አይመለስም። አንዱ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ሌላው ደን ነው። ደን ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚኬደው በለጠ ነው። የቦንጋን መንገድ ይዛችሁ ሰቃን አልፋችሁ ወደ ሸቤ ስትቃረቡ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚያጅበው ደን እሱ ነው። ወደ ጌራ ከሚዘልቀው ጋር ሲደመር በለጠ-ጌራ ይባላል።

መንገድ ዳር ስለሆነ ሰው ያቀለዋል። መኪና ያቆማል፣ ዘው ብሎ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። ከዚያ «ዛፍ ነው እንጂ ምንም የለውም» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ያለው አገባቡና አስተያየቱ ላይ ነው።

ባለቤት የሌለው ጫካ መስሎ መግባት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ደኑ ውስጥ አጥር የለም፣ ታፔላም ብዙ አታዩም። ድንበር ግን አለ። ከዚህ ዋንዛ እስከዚያ ጅረት የእገሌ ቡና ነው፣ ከጅረቱ ማዶ የወንድሙ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ከከተማ የመጣው ሰው ብቻ ነው።

በወረቀት ካየነው ደኑ የመንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ግን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በተሠራው ሥራ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን አብሮ መጠበቅ ጀመረ። ማኅበሮቹ ዋቡብ ይባላሉ። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ ደኑን ጠብቁ፣ ቡናውንና ማሩን ተጠቀሙ። በ2007 እ.ኤ.አ. የዚህ ደን ቡና ደንን ሳይጎዳ ለተመረተ ምርት የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን ድርጅት የሬይንፎረስት አሊያንስን የምስክር ወረቀት አግኝቷል። እንግዲህ እናንተ «ጫካ» ብላችሁ የምትረግጡት ቦታ ለሌላው ሰው የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች ጎራ በሉና ደን ለማየት እንደመጣችሁ ተናገሩ። አካባቢው በኦሮምኛ ነው የሚግባባው። «አካም ጅርቱ» ወይም «አሰላሙ አለይኩም» ብላችሁ ብትጀምሩ ፊቱ ይፈታላችኋል። ሽማግሌ ከሆኑ ቆማችሁ በሁለት እጅ ጨብጡ። «ቡና ጠጡ» ከተባላችሁ እንቸኩላለን አትበሉ፤ እዚያ ተቀምጣችሁ የምትሰሙት ወሬ ከየትኛውም ጉብኝት ይበልጣል። የሚመራችሁ ሰው የሚገኘውም እዚያው ነው። ሂሳቡን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሲወጡ መከራከር ለሁለቱም ወገን አሳፋሪ ነው።

አርብ ቀን ከሆነ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ ወንዶቹ ጁምዓ ላይ ናቸው። ወይ ማልዳችሁ ሂዱ፣ ወይ ሌላ ቀን አድርጉት።

ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው፣ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ቀይ ቡና እያዩ «አንድ ፍሬ ልቅመስ» ማለት ያምራል። ጠይቃችሁ ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም፣ እንዲያውም ጨምቆ ያቀምሳችኋል። ሳትጠይቁ ከሆነ ግን የቡና ሌባ ያስመረረው ጠባቂ እናንተን ከሌባው የሚለይበት ምንም ምክንያት የለውም።

ጥላ ያለበትን ሁሉ ጥንታዊ ደን ማለት

ብዙ ሰው «ጥንታዊ ደን ውስጥ» ብሎ የሚለጥፈው ፎቶ የቡና ማሳ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ይብሳል፤ በመስመር ከተተከለ የፈረንጅ ጥድ ሥር ይነሳና «የተፈጥሮ ደን» ይለዋል። ዛፎቹ በረድፍ ከቆሙ፣ እኩል ከሆኑና ከሥራቸው ምንም ካልበቀለ ሰው የተከለው ነው። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያም እንደዚያው።

የቡና ደኑን መለየት ትንሽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዛፎቹ የአገር ዛፎች ናቸው። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ ታያላችሁ። ገበሬው እነዚህን የሚተዋቸው ጥላቸው ለቡናው ስለሚስማማ ነው። ከሥር ያለው ቁጥቋጦ ግን በየዓመቱ ይመነጠራል። በዚያ ምንጠራ የትልልቅ ዛፎች ችግኝም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ስታዩት ደን ነው፣ ከታች ግን ተተኪ የለውም። ይሄን ሳያስተውሉ «አረንጓዴ ነው፣ ምን ችግር አለ» ማለት የለመድነው ነገር ነው።

ለመድረስ ዘለግ ያለ የእግር መንገድ ይጠይቃል እንጂ ያልተነካውን ክፍል ስታገኙት ታውቁታላችሁ። መሬቱ አይታይም። ሐረግ ከዛፍ ዛፍ ተሳስሯል። ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበትና ፈርን በቅሏል። ከሥር ችግኝ፣ ከዚያ ወጣት ዛፍ፣ ከዚያ ትልቁ፤ ሁሉም እድሜ አንድ ላይ ነው። ቀና ስትሉ ቀረሮ አለ፤ እስከ 50 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው፣ ከግርጌው ሰፋፊ ሥር ወደ ጎን ያወጣል። ዝግባ አለ። ጥቁር እንጨት አለ። የጥቁር እንጨት ቅርፊት በውጭ አገር ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ይሠራበታል፤ በዚህ የተነሳ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። በዚህ ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ቀጭን ሆኖ ወደ ብርሃን ተንጠራርቶ ታገኙታላችሁ። ፍሬው ጥቂት ነው። አረቢካ ቡና ዓለምን ከማዳረሱ በፊት የኖረው እንዲህ ባሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። ለእኔ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እኩል የሚታይ ነገር ይሄ ነው።

እድሜ መገመት ላይም ረጋ በሉ። «ይሄ ዛፍ 500 ዓመቱ ነው» የሚል አስጎብኚ አይጠፋም። የግንድ ውፍረት ብቻውን እድሜ አይናገርም። ሾላና ዋርካ ቶሎ ይወፍራሉ፣ ጥላ ውስጥ ያደገ ቀጭን ዛፍ ደግሞ ከሁለቱም ሊበልጥ ይችላል። አውሮፓ የኖረ ዘመድ ይዛችሁ ሄዳችሁ «ኦክ የቱ ነው?» ቢላችሁም አትጨነቁ፤ ኦክ በተፈጥሮው የኛ አገር ዛፍ አይደለም።

ሰዓቱን አለማወቅ

አራት ሰዓት ላይ ቁርስ በልቶ የሚነሳ ሰው ጉሬዛ አላየሁም ብሎ ባያማርር ይሻላል። ማለዳ ነው ነገሩ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ይጀምርና ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል፣ ደኑ ውስጥ ያለው የእግር መንገድም ጭቃ ይውጠዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመቻል። በሚኒባስ የምትሄዱ ከሆነ መመለሻውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና መለመን ደስ አይልም።

ስፒከርና ዳቦ

ስፒከር ይዞ ደን የሚገባ ሰው ምን ሊሰማ እንደሄደ አይገባኝም። ጉሬዛ ሲነጋ ከዛፍ አናት ላይ የሚያሰማው ጩኸት አለ። አንዱ መንጋ ይጀምራል፣ ከማዶ ሌላው ይመልሳል። ይሄን በሙዚቃ ሸፍኖ ከዚያ «እንስሳ የለም» ማለት ነው የቀረው።

ዳቦና ሙዝ መወርወርም ይቅር። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፣ ዳቦ አይፈልግም። የሚመጡት ጦጣና ዝንጀሮ ናቸው። ሰው ማጉረስ ሲያለማምዳቸው ፍርሃታቸው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚወርዱት የገበሬው በቆሎ ላይ ነው። ደን ዳር ያለ ቤተሰብ ማሳውን ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከከርከሮ ሲጠብቅ ነው የሚከርመው። ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ለአንድ ቪዲዮ ብላችሁ ሥራቸውን አታብዙባቸው።

ለብሶ የማይኬደው

ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ነጭ ስኒከር፤ ሦስቱንም ተዉአቸው። ሳማ አለ፣ መዥገር አለ፣ ገብረ ጉንዳን አለ። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ ማንም አያይም። ሽቶም አትቀቡ። ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ስላሉ ንቡን በጠረን መጥራት አያስፈልግም። ቀፎ ካያችሁ ከሩቁ እዩት።

ነቅሎ መውሰድ

«አንድ የቡና ችግኝ ለግቢዬ» ብሎ የሚነቅል አለ። የደን ቡና ጥላ ለምዶ ያደገ ነው፣ ፀሐይ ላይ ስትተክሉት ይደርቃል። ችግኝ ከፈለጋችሁ ከችግኝ ጣቢያ ግዙ። ዘሩን ለውጭ ዘመድ መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ የአገሪቱን የጀነቲክ ሀብት ያለፈቃድ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተከለከለ ነው። እሳት አታንድዱ። የሃይላንዱን ፕላስቲክና የጫቱን ገረባ ይዛችሁ ተመለሱ።

ሁሉንም በአንድ ቀን

ጠዋት ጅሬን፣ ቀን የቡና መገኛ እየተባለ የሚጎበኘው ጮጬ፣ ከሰዓት በለጠ የሚል ፕሮግራም አይቼ አውቃለሁ። ጮጬ በአጋሮ በኩል ነው፣ በለጠ በቦንጋ በኩል። መንገዳቸው የተለያየ ነው። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ለደኑ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ሲመለሱ የሚሠራ ስህተት

ቡናና ማር መግዛት ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ ደኑን ለሚጠብቀው ሰው ይደርሳል። ግን አይታችሁ ግዙ። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ከሆነ የት እንደደረቀ ጠይቁ። ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀው መሬት ላይ ከተሰጣው ይሻላል፤ መሬት የነካው የአፈር ሽታ ይይዛል። ማሩ ረግቶ ነጭ ሆኖ ካያችሁት «ስኳር ገብቶበታል» ብላችሁ ሰውየውን አትስደቡት። ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ በተለይ ቀዝቃዛ ቦታ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከነዕቃው ስታስቀምጡት ይቀልጣል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ዕቃ ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በፌስታል የተቋጠረ ማር ሰቃ ሳይደርስ ሻንጣ ውስጥ ያልቃል።