«ምሥጢር» የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዕለት ንግግራችን ምሥጢር የሚባለው ለሌላ ሰው የማይነገር ነገር ነው። ይጠበቃል፣ ይደበቃል፣ ያወጣውም ሰው ይወቀሳል። ይህን ትርጉም ይዘን ሐዲስ ኪዳንን ስንከፍት ግን ነገሩ ይገለበጥብናል፤ እዚያ ምሥጢር ይሰበካል። የግሪክኛው ቃል «ሚስቴሪዮን» በሐዲስ ኪዳን 28 ጊዜ ይገኛል፤ 21ዱ የጳውሎስን ስም በያዙት መልእክቶች ውስጥ ነው፤ ከእነዚህም 10ሩ ኤፌሶንና ቆላስይስ ውስጥ ናቸው። ቃሉን በተመለከተ የሚታዩት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቁጥር ሳያነቡ ከማለፍ ነው።

ምሥጢርን «ሊታወቅ የማይችል» ብሎ መተርጎም

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም በአብዛኛው ከዚህ ይወለዳሉ። ኤፌሶን 3ን ቀስ ብለው ያንብቡ። ቁጥር 3 ላይ ምሥጢሩ በመገለጥ እንደታወቀ ይናገራል። ቁጥር 5 ላይ በሌሎች ትውልዶች እንዲህ እንዳልታወቀ፣ አሁን ግን ለቅዱሳን ሐዋርያትና ነቢያት በመንፈስ እንደተገለጠ ይጨምራል። ቁጥር 6 ደግሞ ምሥጢሩ ራሱ ምን እንደሆነ ይነግረናል፦ አሕዛብ ከእስራኤል ጋር አብረው ወራሾች፣ አብረው አንድ አካል፣ አብረው የተስፋው ተካፋዮች ናቸው። ግሪክኛው እዚህ ላይ «አብሮ» የሚል መነሻ ያላቸውን ሦስት ቃላት በተከታታይ ይደረድራል፤ አንባቢ ጉዳዩን እንዳይስተው የተፈለገ ይመስላል። ቀድሞ ተሰውሮ ነበር፣ አሁን ተገለጠ፣ ይዘቱም ይህ ነው። ይኸው አካሄድ በቆላስይስ 1፥26-27 እና በሮሜ 16፥25-26 ይደገማል።

ስለዚህ ቃሉን ባገኙ ቁጥር ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ምሥጢሩ የማን ወይም የምን ነው? የእግዚአብሔር፣ የክርስቶስ፣ የወንጌል፣ የመንግሥቱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ «ተሰውሮ»፣ «አሁን»፣ «ተገለጠ» የሚሉ ቃላት በአካባቢው አሉ? ሦስተኛ፣ «ይኸውም» ወይም «እርሱም» ብሎ ይዘቱን የሚያስረዳው ቁጥር የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ ከአምስት ቁጥር አይርቅም።

ሁሉንም ቦታ በአንድ ይዘት መሙላት

የቃሉ ፍቺ አንድ ቢሆንም የሚያመለክተው ጉዳይ እንደየቦታው ይለያያል። በሮሜ 11፥25 ጉዳዩ የአሕዛብ ሙላት እስኪገባ ድረስ በእስራኤል ከፊል ላይ የሆነው ድንዛዜ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥51 ሁላችን እንደማናንቀላፋ፣ ማለትም ሳይሞቱ የሚቆዩ እንዳሉ፣ ሁላችን ግን እንደምንለወጥ ይናገራል። በቆላስይስ 1፥27 «ክርስቶስ በእናንተ ዘንድ፣ የክብር ተስፋ» ነው። በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ደግሞ «የዓመፅ ምሥጢር» ይላል፤ ስለዚህ ምሥጢር ሁሉ የእግዚአብሔር ምሥጢር ነው ማለትም አይቻልም።

አንዳንድ ጊዜ ቃሉ ያለበት ሐሳብ በአንድ ሐረግ ብቻ ይነበብና ትርጉሙ ይዞራል። በኤፌሶን 5፥32 «ይህ ምሥጢር ታላቅ ነው» የሚለውን ይዞ ጋብቻው ራሱ ምሥጢሩ ነው ብሎ የሚያቆም አለ። ጳውሎስ ግን ከዚያው ቁጥር ሳይወጣ ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን እንደሚናገር ይገልጻል፤ ዘፍጥረት 2፥24ን የጠቀሰውም ለዚሁ ነው። የላቲኑ ትርጉም እዚህ ላይ «ሳክራሜንቱም» የሚል፣ ኋላ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓቶች መጠሪያ የሆነ ቃል መጠቀሙ፣ ኋላ ላይ ስለ ጋብቻ በተነሡ ክርክሮች ውስጥ ትልቅ ቦታ አግኝቷል። በአማርኛም ጥምቀትና ቁርባን «ምሥጢራት» ስለሚባሉ፣ የሥርዓቱን ስም ወደ ጳውሎስ ዓረፍተ ነገር መልሶ ማንበብ ይቀልላል። ሥርዓቶቹ የራሳቸው መሠረት አላቸው፤ በ28ቱ ቦታዎች ግን ቃሉ የሥርዓት ስም ሆኖ አልገባም።

በአማርኛው ቃል ብቻ መፈለግ

በስልክ መተግበሪያ «ምሥጢር» ብለው ሲፈልጉ የሚመጡት ጥቅሶች ሁሉ የአንድ ቃል ትርጉም አይደሉም። አሞጽ 3፥7 ላይ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ሶድ» ነው፤ የቅርብ ምክርን፣ የሚማከሩ ሰዎችን ጉባኤ ያመለክታል። ይኸው ቃል በምሳሌ 11፥13 ሐሜተኛ ለሚያወጣው የሰው ምሥጢር ገብቷል። ዘዳግም 29፥29 ደግሞ «የተሰወሩት ነገሮች» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ እነዚያን ለእግዚአብሔር፣ የተገለጠውን ለእኛ ይተዋል። ይህን ጥቅስ ከኤፌሶን 3 ጋር አንድ አድርጎ «ምሥጢር ስለሆነ አንጠይቅ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማምታታት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከእጅ ጽሑፎቹ የመጣ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 2፥1 አንዳንዶቹ ቅጂዎች «ሚስቴሪዮን»፣ ሌሎቹ «ማርቲሪዮን»፣ ማለትም ምስክርነት፣ ይላሉ። 28 የሚለው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ 27 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳንኤልን ትቶ በግሪክኛው ሥር መጀመር

ቃሉ አፍን ወይም ዓይንን መዝጋት ከሚል ግሥ ጋር ይያያዛል ተብሎ ትምህርት ሁሉ በዚያ ላይ ሲገነባ ይታያል። የቃል ሥር ግን ጸሐፊው ምን እንዳሰበ አይነግረንም። የተሻለው መነሻ ዳንኤል 2 ነው። እዚያ ያለው የአራማይክ ቃል «ራዝ»፣ መነሻው የፋርስ ቋንቋ ሲሆን፣ በትንቢተ ዳንኤል 9 ጊዜ ይገኛል፤ የግሪክኛው ትርጉምም «ሚስቴሪዮን» ይለዋል። ናቡከደነፆር ሕልም አየ፤ ጠቢባኑም ሊነግሩት አልቻሉም። ዳንኤል ከአናንያ፣ ከሚሳኤልና ከአዛርያ ጋር ምሕረትን ለመነ፤ በሌሊት ራእይ ምሥጢሩ ተገለጠለት። በ2፥28 ምሥጢርን የሚገልጥ አምላክ በሰማይ እንዳለ ተናገረ፤ በ2፥30 ደግሞ ይህ የሆነው ከሌላው ሰው የበለጠ ጥበብ ስላለው እንዳልሆነ አስረዳ። ሕልሙ ብቻውን ግማሽ ነው፤ ፍቺው ሲጨመር ይሞላል። ማርቆስ 4 በምሳሌና በፍቺ የተዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው።

ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ማድረግ

በአቴና አቅራቢያ በነበረችው በኤሌውሲስ የተካሄደው የጥንት ግሪኮች የአምልኮ ሥርዓት ምሥጢሩን ለውጭ ሰው መናገር ይከለክል ነበር። ጳውሎስ ተመሳሳይ ቃል ቢጠቀምም አያያዙ ተቃራኒ ነው። በኤፌሶን 6፥19 የወንጌልን ምሥጢር በግልጥ ለማስታወቅ እንዲጸልዩለት ይለምናል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥1 ራሱንና ባልደረቦቹን የእግዚአብሔር ምሥጢር መጋቢዎች ይላል። መጋቢ ሥራው ማደል ነው።

እዚህ ላይ የሚከብደው ማርቆስ 4፥11 ነው፤ ምሥጢሩ ለእናንተ ተሰጥቷል፣ በውጭ ላሉት ግን ሁሉም በምሳሌ ነው ይላልና። ሁለት ነገር ይመልከቱ። በቁጥር 10 የጠየቁት አሥራ ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ በዙሪያው የነበሩትም አሉ፤ ሊጠይቅ የቀረበው ውስጥ ገብቷል። በቁጥር 21-22 ደግሞ መብራት ከዕንቅብ በታች እንደማይኖር፣ የተሰወረውም ሊገለጥ እንደተሰወረ ይናገራል። ቁጥር 12 ያለው፣ ሰምተው እንዳያስተውሉ የሚለው የኢሳይያስ ቃል ከባድ ነው፤ ክብደቱን ማቅለል አይገባም። ቁጥር 22ን ሳያነቡ ግን በሩ ለዘላለም ተዘጋ ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም።

ተገለጠ ማለት አለቀ ማለት እንደሆነ ማሰብ

ይህ የመጀመሪያው ስህተት ተቃራኒ ነው። ሮሜ 11፥25 ምሥጢሩን ከገለጠ በኋላ፣ ያው ምዕራፍ ቁጥር 33 ላይ የእግዚአብሔር ጥበብ ጥልቀት የማይመረመር መሆኑን ያውጃል። ኤፌሶን 3ም ምሥጢሩን ዘርዝሮ ቁጥር 19 ላይ ከመታወቅ ስለሚያልፍ ፍቅር ይጸልያል። ጥልቀቱ የሚታየው ከተነገረ በኋላ ነው።

ራእይን ወደ ቀን ስሌት መለወጥ

በራእይ ቃሉ 4 ጊዜ አለ። በ1፥20 ሰባቱ ከዋክብት የሰባቱ ቤተ ክርስቲያናት መላእክት፣ መቅረዞቹም ቤተ ክርስቲያናቱ እንደሆኑ ይፈታል። በ17፥7 መልአኩ የሴቲቱን ምሥጢር እነግርሃለሁ ይላል፤ ከዚያም ሰባቱን ራሶች በቁጥር 9፣ ሴቲቱን በቁጥር 18 ያስረዳል። በ10፥7 ግን የእግዚአብሔር ምሥጢር በሰባተኛው መልአክ ድምፅ ዘመን እንደሚፈጸም ይነገራል፤ ዓመት አልተሰጠም፣ የሚደመር ቁጥርም የለም።