በጅማ የአነስተኛ ኮሌጅ እግር ኳስ አሰልጣኝ ሆኖ ለመዝለቅ

በአነስተኛ ኮሌጅ እግር ኳስ ማሠልጠንን ሙያው ሊያደርግ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ እንጀራው የሚወጣው ከማሠልጠኑ ሳይሆን ከማስተማሩ መሆኑን ነው። በጅማም ሆነ በሌሎች የክልል ከተሞች ያሉ ኮሌጆች ለአሰልጣኝ ብቻ የሥራ መደብ ከፍተው ማስታወቂያ የሚያወጡበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቡድኑ በአብዛኛው የሚሰጠው ቀድሞ ለተቀጠረው የስፖርት መምህር ነው። ስለዚህ መንገዱ የሚጀምረው ከትምህርት ማስረጃ ነው። በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይያዙ፤ ለዚህ ከጅማ መውጣት አያስፈልግም፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣል። ከዚያ ጎን ለጎን የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ፈቃድ ደረጃ በደረጃ ይውሰዱ። ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ፕሮ ተብሎ የተደረደረ ሲሆን፣ ደረጃ መዝለል ስለማይቻል ዲግሪውን ይዞ ፈቃዱን ለኋላ ያቆየ ሰው ዕድል በመጣበት ጊዜ ገና ከታች ጀማሪ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው የማይታለፍ መሣሪያ ቋንቋ ነው። በጅማ ሜዳ ላይ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲቀላቀሉ መስማት የተለመደ ነው። በአንዱ ብቻ የሚያስረዳ አሰልጣኝ ግማሹን ቡድን በአምበሉ አስተርጓሚነት ያሠለጥናል፤ በጨዋታ መካከል ደግሞ ለማስተርጎም ጊዜ የለም።

የኮሌጅ ቡድንን ከክለብ የሚለየው ዋናው ነገር ተጫዋቹ መሄጃው ቀን የታወቀ መሆኑ ነው። ዘንድሮ ደክመው ያበቁት አጥቂ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ጋዋኑን ለብሶ ይመረቃል። ይህን የዘነጋ አሰልጣኝ በአንድ ባች ላይ ተደግፎ ጥሩ ዓመት ያሳልፍና በቀጣዩ መስከረም ባዶ ሜዳ ይጠብቀዋል። መፍትሔው ቀላል ግን ልብ የሚጠይቅ ነው፤ ከያዟቸው ተጫዋቾች መካከል ተመራቂዎቹ ከሲሶው እንዳይበልጡ ያድርጉ፤ ምንም እንኳ ዛሬ የተሻሉት እነሱ ቢሆኑም። በተለይ ግብ ጠባቂ ሁልጊዜ ሁለት ይኑርዎት፤ አንደኛው ከአዲስ ገቢዎች ይሁን።

ምልመላውን አዳዲስ ተማሪዎች ተመዝግበው ከተረጋጉ በኋላ ያድርጉት። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ አሰልፎ ማየት ብዙ አይጠቅምም፤ ኳስ የማይደርሰው ልጅ ችሎታው ሳይታይ ይመሻል። አራት ለአራት በጠባብ ሜዳ ያጫውቷቸው፤ ዓይንዎንም ኳሱን በያዘው ላይ ሳይሆን ኳሱን በተነጠቀው ላይ ያድርጉ። ወዲያው ተመልሶ የሚያሳድደውን ስም ይጻፉ፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚቆመውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ታኬታ ስለሌለው በሸራ ጫማ የመጣውንም በሚያንሸራትተው እግሩ አይፍረዱበት፤ ተውሰው አጫምተው እንደገና ይዩት።

ሜዳው እንደ ተመደበልዎት መስመሩን ራስዎ ማስመር መቻል አለብዎት፤ የሚያሰምርልዎ ሠራተኛ አይጠብቁ። ሕጉ የሜዳውን ርዝመት ከ90 እስከ 120 ሜትር፣ ስፋቱን ከ45 እስከ 90 ሜትር ስለሚፈቅድ ያለዎትን ቦታ ለክተው የሚበቃውን ይውሰዱ። አስቸጋሪው ማዕዘኑን ማቅናት ነው። ከማዕዘኑ ካስማ ተነሥተው በጎን መስመሩ በኩል 6 ሜትር፣ በግብ መስመሩ በኩል 8 ሜትር ለክተው ካስማ ይትከሉ፤ በሁለቱ ካስማዎች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 10 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀንቷል፤ ካልመጣ የግብ መስመሩን ገመድ እያንቀሳቀሱ ያስተካክሉ። አራቱንም ከጨረሱ በኋላ ሜዳውን ከጥግ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩት፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ከእያንዳንዱ የግብ ቋሚ ወደ ጎን 16.5 ሜትር፣ ወደ ሜዳው ውስጥም 16.5 ሜትር ሲለኩ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ይወጣል፤ የቅጣት ምቱ ነጥብ ከግብ መስመሩ 11 ሜትር ነው፤ የመሀል ክቡን በ9.15 ሜትር ገመድ አንዱን ጫፍ መሀል ላይ ቸክለው ያዙሩት። ማስመሪያው ጄሶ ቢሆን ይመረጣል፤ ኖራ እርጥብ ቆዳና ዓይን ሲያገኝ ያቃጥላል፤ ተጫዋች ደግሞ በዝናብ ቀን ፊቱን አስቀድሞ መስመሩ ላይ መውደቁ አይቀርም። ውኃ ለሚያቁር ቦታ ሰጋቱራ ይበትኑበት፤ በርጩማ በሚሠራባት ከተማ ሰጋቱራ አይጠፋም።

ዝናቡ የጅማን አሰልጣኝ ዓመታዊ ዕቅድ ይወስናል። የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ተያይዞ ዓመቱን አጋምሶ ስለሚሄድ፣ ሜዳው ደረቅ በሚሆንበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የኳስ ቁጥጥርና የቡድን ቅንጅት ሥራውን አጠናቅቀው፣ ከመጋቢት በኋላ በአዳራሽና በበረንዳ ሊሠራ የሚችለውን የጉልበትና የሚዛን ልምምድ ያብዙ። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ከሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት አስተማማኝ ስላልሆነ ልምምዱን ከትምህርት በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማድረግ ይሻላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ተጫዋቾቹን ወዲያው ወደ ቤት ያስገቡ፤ ከዛፍ ሥር አያስጠጓቸው፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመልሷቸው። ለማሟሟቂያ ፊፋ 11+ የተባለውን መርሐ ግብር ይጠቀሙ፤ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት፣ 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድና ከኳስ በቀር ምንም ዕቃ የማይጠይቅ ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከተሠራ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን ይቀንሳል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለሌለው ቡድን ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ መድኃኒት የለም።

የጾም ወራትን በዕቅድዎ ውስጥ ከወዲሁ ያስገቡ። በረመዳን የጾመ ተጫዋች ጠዋት በጠንካራ ልምምድ ውኃው ቢሟጠጥ እስከ ማታ የሚተካበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ባለችው የመጨረሻ ሰዓት ቀለል ያለ ሥራ ሠርተው ወዲያው እንዲያፈጥሩ ይልቀቋቸው። በዐቢይ ጾም ለሚጾሙትም የቅልጥፍና ሥራውን መጠን ቀንሱላቸው። በዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ልምምድ ወይም ስብሰባ አይጥሩ። ይህን ሁሉ ያለ ጠያቂ አስቀድሞ ያዘጋጀ አሰልጣኝ በተጫዋቾቹ ዘንድ የሚያገኘው አመኔታ በንግግር አይገኝም። ከጨዋታ በፊት ከባዱን ምግብ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው እንዲበሉ፣ ከዚያ በኋላ ቢርባቸው በሶ በጥብጠው እንዲጠጡ ያድርጉ።

ስለ ጫት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በፈተና ሰሞን ለማጥናት ብለው የሚቅሙ ልጆች ይኖሩዎታል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግስቱ ሜዳ ላይ የሚታየው የደከመ እግር ከዚያ የመጣ ነው። በብዙ ቤት የእንግዳ መቀበያ በሆነበት አካባቢ እንደ ኃጢአት ማውገዝ ግን ልጁን እንዲደብቅ ብቻ ያደርገዋል። ከጨዋታና ከጠንካራ ልምምድ ቀደም ባለው ቀን እንደማይቃም ደንብ አውጥተው፣ ሰበቡን በግልጽ ነግረው፣ ለአምበሉም ለተጠባባቂውም እኩል ያስፈጽሙ።

አሁን ደግሞ ወደ ቢሮው እንግባ፤ ብዙ ጎበዝ አሰልጣኝ የሚሰናከለው እዚያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ኳስ፣ ማሊያ፣ መረብና የጉዞ አበል በዝርዝር ጽፎ ለዲኑ ማቅረብ ያለብዎት ግን ወራት አስቀድሞ፣ ክፍሎች ዕቅዳቸውን በሚያቀርቡበት ጊዜ ነው። "የስፖርት ዕቃ" ብሎ በጅምላ የተጻፈ ጥያቄ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ነው፤ "ቁጥር 5 ኳስ፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲሜትር" ብሎ መዘርዘር ግን የግዥ ክፍሉ የልጆች መጫወቻ ገዝቶ እንዳይመጣ ያደርጋል። ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ሞዴል 20 የተባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ይጠይቃሉ፤ ሞዴል 22 በተባለው የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ፈርመው ይወስዳሉ። ከፈረሙባት ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱ ኳስ በስምዎ የተመዘገበ ዕዳ ነው። የፈነዳውን ኳስ አይጣሉ፤ ቅዳዱን ለመጋዘኑ መልሰው በወቅቱ ከስምዎ ያሰርዙት፤ ለተጫዋች የሚሰጡትንም ማሊያ በቁጥርና በፊርማ ይስጡ።

ከዕቃው መዝገብ ጎን የተጫዋቾች ደብተር ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ልጅ የትምህርት ክፍሉን፣ የሚመረቅበትን ዓመት፣ የተጫወተባቸውን ደቂቃዎች፣ የደረሰበትን ጉዳትና የሴሚስተር ውጤቱን ይጻፉ። ውጤቱ ለምን? ብለው እንዳይጠይቁ፤ የኮሌጅ አስተዳደር ስለ ቡድኑ የሚያነሣው የመጀመሪያ ቅሬታ "ተማሪዎቹን ከትምህርት አዘናጋብን" የሚል ነው፤ የዚያን ዕለት ደብተሩን ከፍቶ ተጫዋቾቹ ተምረው እየተመረቁ መሆኑን ማሳየት የቻለ አሰልጣኝ በጀቱን ይዞ ይወጣል። በእኔ ግምት ይህ ደብተር ከዋንጫ ይልቅ ሙያውን ያቆማል።

ወደ ክለብ የመሻገር ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። በጅማ ይህ ሩቅ ሕልም አይደለም፤ የከተማዋ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አድጎ በተጫወተበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ ሻምፒዮን ሆኗል። አሰልጣኙ ግን በማግስቱ ዓመት መቀሌ 70 እንደርታን ይዘው እንደገና ዋንጫ ያነሡት ሌላ ከተማ ሄደው ነው፤ የክለብ ሥራ ባሸነፉም ጊዜ ሻንጣ ያሳስራል። በሌላው በኩል የሩጫ አሰልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ አሉ፤ በቆጂ ላይ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው የጀመሩ፣ እዚያው ቆይተው እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማዎ የሚወስነው ቤተሰብዎ፣ የመምህርነት ደመወዝዎና ሽንፈትን በየሳምንቱ የመሸከም አቅምዎ ነው። የክለብ ውል ያገኘ ሰው ኮሌጁን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጠው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ።

መልቀቅ ከተወሰነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ንብረቱን መቁጠር ይጀምሩ። በሞዴል 22 የወሰዱት ሁሉ ተመላሽ ካልሆነ ክሊራንስ አይፈረምም፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይሰጥም፤ አዲሱ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲጻፍም "የስፖርት መምህር" ብቻ ብሎ እንዳይቀር፣ ቡድኑን ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንዳሠለጠኑ ተለይቶ እንዲገለጽ ለሰው ሀብት ክፍሉ አስቀድመው ያመልክቱ። የተጫዋቾቹን ደብተር ለራስዎ አንድ ቅጂ አስቀርተው ዋናውን ለሚተካዎት መምህር ያስረክቡ።